ከግራ በኩል አራተኛዋ

የተከበራችሁ፣ በአማርኛ ዊኪፔዲያ የምንጽፍ የማኅበራችን አባላት፣ ከየቤተ መጻሕፍቱ፣ ከየዩኒቨርሲቲውና ከየጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ ከዋሽንግተንና ከኢየሩሳሌም በቪዲዮ የምትከታተሉን ወገኖች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

በደንቡ መሠረት አሁን ያለፈውን ዓመት ክንውን በቁጥር ማቅረብ ነበረብኝ። ቁጥሩን ጸሐፊያችን ከሻይ በኋላ ያሰሙናል። እኔ በአንድ ፎቶግራፍ ልጀምር።

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ የተጠረዙ የድሮ ጋዜጦችን ልናገላብጥ። ጥራዙ ለሁለት ካልሆነ አይነሣም። ወረቀቱ የሻይ ቀለም ይዟል፣ ጠርዙም በተነካ ቁጥር እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ከቀትር በፊት አንድ የትምህርት ቤት በዓል ፎቶግራፍ አገኘን። አምስት ሰዎች ቆመዋል። ከሥሩ «ከግራ ወደ ቀኝ» ይልና የሦስት ወንዶችን ስም ከነማዕረጋቸው ይዘረዝራል። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ «አንዲት መምህርት» ይላል። አምስተኛው እንደገና ሙሉ ስም ከነአባት አለው። ቀና ብለው ካሜራውን ፊት ለፊት የሚያዩት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው፤ አራቱ ወንዶች ወዲያና ወዲህ ይመለከታሉ። አብራን የነበረችው ወጣት አባላችን ማጉያ መነጽር አምጥታ፣ ስማቸው በጥልፍ የተጻፈ ይመስል፣ የሴትየዋን ነጠላ ጥበብ ስትመረምር ቆየች።

የሴቶችን ታሪክ የመጻፍ ሥራችን ችግር እንዳለ በዚያች ፎቶግራፍ ውስጥ አለ። ዊኪፔዲያ ማንም ሊጽፍበት የሚችል መዝገብ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ የታተመን ነገር ተመርኩዞ እንጂ ከራስ አፍልቆ አይጻፍበትም። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው፤ እሱ ባይኖር ኖሮ መዝገቡ የአሉባልታ ማከማቻ በሆነ ነበር። ሆኖም ጋዜጣው «አንዲት መምህርት» ብሎ ካለፈ፣ እኛም ስንት ዘመን ቆይተን «አንዲት መምህርት» ብለን እናልፋለን።

ትልልቆቹም ከዚህ አላመለጡም። መስከረም 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ዶክተር ዶና ስትሪክላንድ የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ከሁለት ወንዶች ጋር ተጋሩ። ከማሪ ኩሪና ከማሪያ ጎፐርት ሜየር ቀጥሎ በፊዚክስ ሦስተኛዋ ሴት መሆናቸው ነው። ዜናው ሲሰማ ሰው ስለ እሳቸው ሊያነብ ወደ እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ሮጠ፤ ገጽ አልነበራቸውም። አብረዋቸው የተሸለሙት ወንዶች ነበራቸው። የሚያሳዝነው ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት ስለ እሳቸው የተጻፈ ረቂቅ ቀርቦ ነበር፤ የተጠቀሱት ምንጮች ለመጣጥፍ የሚያበቁ አይደሉም ተብሎ ተመልሷል። ይህን ሳነብ በገምጋሚው ተናደድሁ። አደር ብዬ ሳስበው ግን፣ እንደ ልማዴ ደንቡን ይዤ ብቀመጥ፣ እኔም የምመልሰው ይመስለኛል።

«ዊሜን ኢን ሬድ» («ሴቶች በቀይ») የተባለው፣ ስለ ሴቶች የሚጽፈው የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ንቅናቄ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ስሙ የመጣው ወደ ገና ያልተጻፈ ገጽ የሚያመለክተው ማያያዣ በቀይ ቀለም ስለሚታይ ነው፤ ሲጻፍ ሰማያዊ ይሆናል። ሥራው ሲጀመር ከ100 የሕይወት ታሪክ ስለ ሴት የሚናገረው 15 ያህል ነበር። ዛሬ ወደ 20 ደርሷል። ያ ሁሉ ሰው ሌት ተቀን ለፍቶ አምስት! ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም፤ በሦስት ወር ዘመቻ እንጨርሰዋለን የሚሉ አባላት ስላሉን ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የአማርኛው ወደ 15,000 የሚጠጋ ነው። «ገና ወንዶቹ መቼ ተጻፉና?» የሚል ክርክር በየስብሰባችን ይነሣል። እውነት ነው፣ አልተጻፉም። ግን በሩ የት እንደሚሆን የሚወሰነው መሠረቱ ሲጣል ነው፤ ግድግዳው ካለቀ በኋላ በር መክፈት ማፍረስን ይጠይቃል።

የከንቲባ ገብሩ ደስታን ሁለት ሴቶች ልጆች እንመልከት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ2006 የፒያኖ ሥራቸው ፈረንሳይ አገር በሲዲ ከወጣ በኋላ በብዙ ቋንቋ ተጻፈላቸው። በ2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ የውጭ ጋዜጦች ሳይቀሩ ዘግበውታል። ስለ እሳቸው ለሚጽፍ ሰው ምንጭ አይቸግረውም። ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በወረራው ዘመን ተይዘው ጣሊያን አገር በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ ደራሲ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በተደረገው ምርጫ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። የእሳቸውን ታሪክ በደንብ ለመጻፍ ግን አቧራ መቅመስ ያስፈልጋል። ዓለም ያጨበጨበላት ሴት ምንጯ በእጅ ስልክ ይገኛል፤ አገር ውስጥ አስተምራ፣ ተከራክራ፣ ጽፋ ያለፈች ሴት ምንጯ መደርደሪያ ላይ ነው። እኛ ደግሞ እስካሁን በስልክ የሚገኘውን ስንተረጉም ነው የኖርነው።

ብዙዎቻችሁ የማታውቁት አንድ ነገር አለ። ምንጭ የግድ ኢንተርኔት ላይ መገኘት አለበት የሚል ደንብ የለም። በእንግሊዝኛ መሆን አለበት የሚልም የለም። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው አዲስ ዘመን፣ ቀኑና ገጹ በትክክል ከተጠቀሰ፣ በቂ ምንጭ ነው። የሴት ታሪክ መጻፍም ቢሆን ትናንት ከውጭ የመጣልን አይደለም፤ መነኩሴው ገላውዴዎስ የወለተ ጴጥሮስን ገድል በግእዝ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፣ እሷ ካረፈች ከሠላሳ ዓመት በኋላ።

ይኸው፣ አሁን እኔ ራሴ «ካረፈች» አልሁ። እንግሊዝኛ ይህ ጣጣ የለበትም፤ ለአማርኛ ግን የአክብሮት ጉዳይ ግሡ ላይ ነው። በረቂቆቻችን ውስጥ ወንዱ ምሁር «አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ተሾሙ» ይባላሉ፤ ሴቷ ምሁር «አስተማረች፣ ጻፈች፣ ተሾመች» ትባላለች። ከአራት ዓመት በፊት የጻፍሁትን አንድ መጣጥፍ ባለፈው ሳምንት ከፍቼ አፈርሁ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ሐኪሞች፣ በአንድ ዓመት የተመረቁ። እሳቸውን አንቱ ብዬ እሷን አንቺ ብያለሁ፤ በአንድ አንቀጽ ውስጥ! ማንም አላረመኝም። አራት ዓመት ሙሉ ያነበበ ሁሉ ነገሩ ተፈጥሯዊ መስሎት አልፏል። አትሌትና ድምፃዊን በልማድ ያለ አንቱታ እንጽፋለን፤ ኃይሌ «ሮጠ»፣ ደራርቱ «ሮጠች»፤ በዚህ ቅር የሚለው የለም፣ እኩል ነውና። የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። አንቱ ካልን ሁሉንም፣ ካላልንም ሁሉንም። የትኛው ይሁን የሚለውን ዛሬ ከሰዓት ተከራክራችሁ ወስኑ፤ እኔ ለየትኛውም እገዛለሁ።

ከዚሁ ጋር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጉዳይ አለ። «የእገሌ ባለቤት የሆኑት» ብሎ የሚጀምር መጣጥፍ ሴትየዋን ገና በር ላይ ያስቆማቸዋል። መጀመሪያ የሠሩት ይጻፍ፤ ትዳራቸው ከታች ቦታ አለው። ባሎቻቸውን በሚመለከት እኮ «የእገሊት ባለቤት» ብለን ጀምረን አናውቅም።

የትርጉም ማሽንንም ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ባለፈው ዓመት የመጣጥፍ ብዛት ውድድራችን ላይ ከቀረቡት ብዙዎቹ በማሽን ተተርጉመው ሳይታረሙ የገቡ ነበሩ። እንግሊዝኛው «ዶክተር» ሲል ጾታ ስለማይናገር ማሽኑ «ዶክተሩ ተሸለመ» ይላል፤ «ነርስ» ሲል ግን «ነርሷ» ይላል፣ ማን እንደነገረው እንጃ። በሽታ መቋቋም የሚችሉ ሰብሎችን ሲያጠኑ የኖሩትን ዶክተር ሰገነት ቀለሙን የመሰሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል–ዩኔስኮ ሽልማት የተቀበሉ ሳይንቲስት፣ በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሦስት ጊዜ ወንድ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ስለ ሴቶች ለመጻፍ ተነሥተን ሴቶቹን ወንድ አድርገን መለስናቸው ማለት ነው።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ። በሚያዝያ ወር አንድ ጎልማሳ ወደ ቢሯችን መጡ። እናታቸው በቅርቡ አርፈዋል፤ በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ በፕላስቲክ አስለብጠው ይዘውት ነበር። ሁለት ገጽ ነው። በሦስት ክፍለ ሀገር አዋላጅ ነርስ ሆነው የሠሩ፣ መብራት በሌለበት በኩራዝ ያዋለዱ እናት ናቸው። «ይህን አስገቡልኝ» አሉኝ። በቤተሰብ የተጻፈና ያልታተመ በመሆኑ ማስገባት አልቻልንም። እንዴት አድርጌ እንደነገርኋቸው አላስታውስም፤ ወረቀቱን መልሰው ወደ ኪሳቸው ሲከቱት ግን አይረሳኝም። የዚህ አገር የሴቶች ታሪክ ትልቁ ክምችት በየመቃብሩ አንድ ጊዜ ተነብቦ ወደ መሳቢያ የሚገባው ያ ሁለት ገጽ ነው። ስለዚህ የሥራ አመራር ኮሚቴው ከመዝገቡ ውጭ አንድ ሥራ እንድንጀምር ይጠይቃችኋል። እንዲህ ያሉ የሕይወት ታሪኮችን በቤተሰብ ፈቃድ ተቀብለን ለቤተ መጻሕፍት እናስረክብ፤ ለጋዜጠኞችና ለታሪክ ተመራማሪዎች እንጠቁም። እነሱ አጣርተው ካተሙት ያን ጊዜ ተራው የእኛ ይሆናል። ረጅም መንገድ ነው፤ አቋራጩን ፈልጌ አላገኘሁም።

በሕይወት ስላሉ ሴቶች አንድ ቃል ብቻ። «የግል ሕይወት» የሚለው ክፍል «ሥራ» ከሚለው የረዘመበትን ረቂቅ ካያችሁ አሳጥሩት። ፍቺን፣ ልጅ አለመውለድን፣ የመንደር ሐሜትን የሚመለከት ከሆነ አውጡት። የልጆቿን ስም መጻፍ ማንንም አይጠቅምም።

ዘንድሮ የመጣጥፍ ብዛት ውድድር አይኖርም። ሸሚዙና ሰርተፊኬቱ እንደሚናፍቃችሁ አውቃለሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ግን ደስ ብሏቸዋል። በምትኩ በወር አንድ ቅዳሜ ጥራዝ እናገላብጣለን፤ እያንዳንዳችን በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ሴት፣ በቅጡ የተጻፉ፣ ምንጫቸው ከነገጹ የተጠቀሰ፣ ይዘን እንቀርባለን። አቅም ያለው ሁለት።

ከመቀመጤ በፊት አንድ ውለታ ልለምናችሁ። ያንን ፎቶግራፍ አሳድገን ከሻይ ጠረጴዛው በላይ ለጥፈነዋል። በመካከላችን በዕድሜ የገፋችሁ፣ በዚያ ዘመን የተማራችሁ አላችሁ። ስትወጡ ከግራ በኩል አራተኛዋን ተመልከቱልኝ። የምታውቋቸው ከሆነ ስማቸውን ከሥሩ ጻፉልን። እርሳስ በክር አስረንበታል፤ ብዕር ያላደረግነው ምንጭ እስክናገኝ ነው።