ፈረሷ ከኋላዬ ናት

ዛሬ ስለ ሥዕል ክፈፍ አመራረጥ እንደማወራ ቃል ገብቼ ነበር። ይቅርታ፤ አላወራም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ነገር እያብሰለሰልኩ ስለ እንጨት ማውራት አልቻልኩም።

ሕፃናትን ለመርዳት ለተዘጋጀው የበጎ አድራጎት ጨረታ የሰጠሁት ያቺን የሣልኳትን ፈረስ ነው። አዎ፣ እህቴ እስከ ዛሬ አህያ የምትላትን። አትሳቁ።

አጫራቹ ስሜን ጠራ፤ መነሻ ዋጋዋን ተናገረ። ከዚያ ዝም። ከእኔ በፊት የቀረበው ሥዕል ላይ ሰዎች እጃቸውን ሳያወርዱ ነበር የሚፎካከሩት። በእኔ ላይ ግን ማንኪያ ከሳህን ሲጋጭ ተሰማ። በእኔ ቆጠራ ሰባት ሰከንድ ነው፤ እህቴ ሦስትም አይሞላም ትላለች። እርሷ ምን ታውቃለች? ጫማዬን እያየሁ ነበር፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ቢጫ ቀለም አለ። አጫራቹ ዋጋውን በግማሽ ቀነሰው። አሁንም ዝም። ከዚያም ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «እስቲ ለሕፃናቱ ስትሉ» አለ።

እዚህ ላይ ነው የምመላለሰው። ሥዕሉን የሰጠሁት ለሕፃናቱ አይደለም እንዴ? ታዲያ ለሕፃናቱ ተብሎ ሲጠየቅ ምን አንገበገበኝ? ከኋላ አንድ እጅ ተነሣ፣ መዶሻው ወረደ፣ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ልክ ነው፣ ሥዕሉን ስሰጥ የሞላሁት ቅጽ ላይ ከዚህ በታች አይሸጥ የሚባልበትን ዋጋ መጻፊያ ቦታ ነበር። ባዶ ተውኩት። ትሕትና ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እንጃ። ሳይሸጥ ተመለሰ መባልን ፈርቼም ይሆናል። ከሽያጩ ድርሻ እንዲከፈላቸው አስቀድመው የሚስማሙ ሠዓሊዎች አሉ፤ ድሮ በሆዴ እታዘባቸው ነበር፤ አሁን ግን አልታዘብም።

ደግሞ የማይገናኝ ነገር ላንሣ። በአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1969 ወዲህ ሠዓሊ የራሱን ሥራ ሲለግስ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው የሚቀነስለት የሸራውና የቀለሙ ወጪ ብቻ ነው። ያንኑ ሥዕል ገዝቶ ያቆየ ሰው ለሙዚየም ቢሰጠው ግን በገበያ ዋጋው ሊታሰብለት ይችላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ቆይቶ ደግሞ ሳቄ መጣ። ያን ዕለት የእኔዋ ፈረስ የገበያ ዋጋ ከቀለሟ ይበልጥ ነበር ብዬ መማል አልችልማ!

የግድግዳ ሠዓሊው ባንክሲ እ.ኤ.አ. በ2020 ለአንድ የእንግሊዝ ሆስፒታል የሰጠው ሥዕል፣ የነርስ አሻንጉሊት ይዞ የሚጫወት ልጅ ያለበት፣ በ2021 ከ16 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጦ ገንዘቡ ለጤና በጎ አድራጎት ዋለ። እርሱ ደግሞ ፊቱን እንኳ አያሳይም። ለንደን ያለው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት የተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ሽያጭም ነበር፤ ፖስትካርድ የሚያህሉ ሥራዎች፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ፣ ፊርማው በጀርባ። ገዢው የማን እንደሆነ ያውቅ የነበረው ከከፈለ በኋላ ነው። እኔም ስሜ ባይጠራ ኖሮ እንዲህ... አይ፣ ውሸቴን ነው። እንዲጠራ ፈልጌ ነበር። ልብስ ሁሉ ገዝቻለሁ።

ዋናውን አልነገርኳችሁም። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ወንበር ሲደራረብ ፈረሷ ግድግዳ ተደግፋ ቀርታለች። አዘጋጇ መጣችና፣ «ገዢው ከፍለው ሄደዋል፤ እስኪወስዱት እርስዎ ጋር ቢቀመጥልን?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል? ሰውየው እስካሁን አልመጣም። ገንዘቡን ሰጠ፣ ስሙንም አላስጠራ፣ ሥዕሉንም አልፈለገ። ከእኔ ይልቅ የሰጠው እርሱ ነው ማለት ነው? ወይስ ሰድቦኝ ነው የሄደው? ጠዋት ጠዋት ጻድቅ ይመስለኛል። ማታ ማታ ግን...

አሁን ከኋላዬ ናት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬያታለሁ። ትናንት ማታ ግን ገልብጬ አየኋት። የግራ ጆሮዋ በእርግጥ ረዝሟል። ለእህቴ እንዳትነግሩብኝ። ብሩሽ አነሣሁ፤ ከዚያ የሰው ንብረት ነው ብዬ አስቀመጥኩት። መልሼ አነሣሁት። ትንሽ ብቻ፣ ከጫፉ ላይ ነው የነካሁት። የዘይት ቀለም ስለሆነ ገና አልደረቀም፤ ሰውየው ዛሬ ቢደውል እንኳ...