ሰሌኑ የት ይቀመጥ?

እሺ... ጀመርን። ቬንትሌተሩ ዛሬም ይሰማችኋል፤ ካጠፋሁት ማውራት እንደማልችል ታውቃላችሁ።

ስለ ሮቶው ላወራችሁ ነበር፣ ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ግን ከቅዳሜ ጀምሮ አንድ ነገር አልለቅ አለኝ።

የኮንዶሚኒየማችን ነዋሪዎች ስብሰባ ነው። የኮሪደሩ ደንብ ጸደቀ። «በጋራ መተላለፊያ ላይ ማንኛውንም ዕቃ ማስቀመጥ ክልክል ነው።» ጸሐፊዋ እኔ አይደለሁ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሁንም ደንቡ ልክ ነው እላለሁ። ያን ሌሊት የሦስተኛ ፎቁ ልጅ ሲታመም በጄሪካንና በከሰል ማንደጃ መሀል ተሸክመን እንዴት እንዳወረድነው አልረሳሁም። አንዱ ጄሪካን በጨለማ ደረጃውን እየተንከባለለ ሲወርድ... ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ግን እማማ፣ ጎረቤቴ።

እሁድ አመሻሽ ወረቀቱን ልለጥፍ ወጣሁ። እማማ እንደ ሁልጊዜዋ ሰሌኗን በሯ ላይ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፕላስተሩን በጥርሴ እየቆረጥኩ ስለጥፍ ታየኛለች። «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። ሰሌኑን አራገፈችው። ሁለት ጊዜ። የተተለተለውን ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍ አድርጋ ጠቀለለችው። ብብቷ ስር ያዘችውና «ታዲያ ይሄ የት ይቀመጥ?» አለችኝ።

ተቆጥታ አይደለም። የምር እየጠየቀችኝ ነው። እኔ ፕላስተሩ ጣቴ ላይ ተጣብቆ ቆሜያለሁ።

እና ቅዳሜ እኮ እጇን አውጥታለች! አይቻታለሁ፣ ቆጥሬያታለሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብዬ ጽፌያለሁ። ኮሪደሩ ይጽዳ የተባለ መስሏት ይሆን? ወይስ ሰው ሁሉ ሲያወጣ አብራ ነው? እኔስ «ማንኛውንም ዕቃ» ብዬ ስጽፍ ሰሌኗ ትዝ ብሎኝ ነበር? ትዝ ያለኝ ይመስለኛል። እሱ ነው የከበደኝ።

የጋራ ሕንፃ አዋጁ፣ 370/1995፣ ደረጃውና ኮሪደሩ የሁላችንም ነው ይላል። የእሷም ነው ማለት ነው።

ቤቷ ስቱዲዮ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ የሚያርፍበት በኩል። ማታ ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይተፋል። እነዚህን ቤቶች ሳይ ለአዲስ አበባ የተሠሩ ይመስለኛል። እዚያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ማታ ብርድ ልብስ ይፈለጋል። እኛ ድሬዳዋ እኮ 1,200 ሜትር አካባቢ ነን! ከዚራን እዩት። ባቡሩ በ1895 ድሬ ከደረሰ በኋላ የተቀየሰ ሰፈር ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንዱ ግድግዳ ለሌላው ጥላ ይሆናል። እኛ ግቢ የነበረው ዛፍ... አቦ፣ ስለ ዛፉ ከጀመርኩ አናበቃም። ለመኪና ማቆሚያ ብለን ነው ያስቆረጥነው። ያንንም ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ።

ማሻሻያ ላቅርብ ብዬ ነበር። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማታ መቀመጥ ይፈቀድ የሚል። ሊቀመንበሩ «ለሰሌን ከፈቀድን ነገ ማንደጃውም ይመለሳል» አለኝ። እውነቱን ነው። ታች ግቢው ውስጥ ዳስ ይሠራ እንዳልል፣ አራተኛ ፎቅ ናት፣ ጉልበቷን ታውቁታላችሁ።

ትናንት ማታ ሳልፍ በሯን ከፍታ ከውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። «ነይ ግቢ፣ ቡና አለ» አለችኝ። ገባሁ። ሰሌኑ ፍሪጁ ጀርባ ቆሟል። ሁለታችንም ላባችንን እየጠረግን ጠጣን። ስለ ደንቡ አንድም ቃል አላነሳችም። ሁለተኛውን ስኒ ስትሰጠኝ ልጠይቃት ነበር፣ ቅዳሜ እጅሽን ስታወጪ ምን... 

እንጃ። አልጠየቅኳትም።