ስምንት ማዕዘን፣ አንድ ልክ

ሔለን፦ ኩባንያዎችን ስታንዳርድ እንዴት እንደሚያግባባ ለማየት ከኮንቴይነር የተሻለ ምሳሌ የለም። ስምንቱም ማዕዘን ላይ ቀዳዳ ያለው ብረት ተበይዷል።

ዮናስ፦ ጨዋታው እዚያ ነው። ትዊስት ሎኩ፣ ማለትም ተሽከርካሪው የብረት ቁልፍ፣ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ 90 ዲግሪ ሲዞር ይቆለፋል። መርከቡ የአንዱ፣ ክሬኑ የሌላው፣ ተሳቢው የሦስተኛው ነው። ሆኖም ጅቡቲ የወረደው ሳጥን ሳይከፈት ሞጆ ደረቅ ወደብ ይገባል።

ሔለን፦ ባለ 20 ጫማው ግን ልክ 20 ጫማ አይደለም አይደል?

ዮናስ፦ አይደለም፣ 6.058 ሜትር ነው። ባለ 40ው 12.192 ስለሆነ፣ ሁለት ባለ 20 ተከታትለው ሲቀመጡ 76 ሚሊሜትር ይተርፋል። ሆን ተብሎ ነው፤ ያቺ ክፍተት ባትኖር ሁለቱን በባለ 40 ቦታ ማስቀመጥ ጭንቅ ነበር።

ሔለን፦ ስምምነቱም በቀላሉ አልመጣም። ሁለቱ የአሜሪካ መርከብ ኩባንያዎች፣ ሲ-ላንድ ባለ 35፣ ማትሰን ባለ 24 ጫማ ነበር የሚጭኑት። ስታንዳርዱ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ሲል የሁለቱም ልክ ውጭ ቀረ።

ዮናስ፦ እንዲያም ሆኖ የሲ-ላንዱ ማልኮም ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1963 የማዕዘኑን ፓተንት (የፈጠራ መብት) ለቀቀ። ለተፎካካሪው እየከፈለ ማን ይገጥማል? ለእኔ ከሳጥኑም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሔለን፦ ጥድፊያውን አትርሳ እንጂ። የማዕዘኑ ዲዛይን በ1965 ጸደቀ፤ በኋላ በጭነት ሲፈተን ብረቱ አልቻለም። በ1967 መሐንዲሶች ለንደን ላይ አወፈሩት። ቀድመው የተሠሩት ኮንቴይነሮች ማዕዘናቸው ተነቅሎ እንደገና ተበየደ። ወጪው የወደቀው ቀድሞ በታዘዘው ላይ ነው።

ዮናስ፦ ደግሞ ሌላው እጅ የሚነካውን ብቻ ነው የወሰኑት፦ የውጭ ልክ፣ ማዕዘን፣ የሚችለው ክብደት፣ ምልክት። ውስጡ ማቀዝቀዣ ይሁን ታንከር፣ ያንተ ጉዳይ ነው።

ሔለን፦ ውስጡ ያልታሰበበት ቦታ ግን ዛሬም ያስከፍላል። ፓሌቱን፣ ዕቃ የሚደረደርበትን የእንጨት መደብ፣ ተመልከት።

ዮናስ፦ አዎ! የአውሮፓው ፓሌት 1.2 በ0.8 ሜትር ነው፤ የሳጥኑ የውስጥ ስፋት 2.35 ገደማ። ሁለቱን ረጅም ጎናቸው በሳጥኑ ስፋት ላይ እንዲሆን ጎን ለጎን ብታደርግ 2.4 ይሆናል፣ አይገባም። አንዱን ብታዞረው 2 ሜትር ይይዛል፣ 35 ሳንቲሜትር ባዶ ይቀራል።

ሔለን፦ ባለ 20ው 11 ፓሌት ብቻ የሚጭነው ለዚህ ነው። ባዶው በአየር ከረጢት ካልተሞላ ደግሞ ጭነቱ መንገድ ላይ ይንሸራተታል።

ዮናስ፦ ፓሌቱ የባቡር ድርጅቶች ልክ ነው፣ የሳጥኑ ስፋት ደግሞ የአሜሪካ መንገድ 8 ጫማ። ስለዚህ ላኪ የካርቶን ልክ ከማሳተሙ በፊት ፓሌቱንም ሳጥኑንም ወረቀት ላይ ይግጠም፤ ካሳተመ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም።