እንቁላሏን ለልጇ የምትመግበው ትንሿ እንቁራሪት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

የዛሬው ንግግሬ የአውራ ጣትን ጫፍ እምብዛም ስለማትበልጥ እንስሳ ነው። የእንጆሪ መርዛማ እንቁራሪት ትባላለች፤ ከምሥራቅ ኒካራጓ ተነሥቶ በኮስታ ሪካ የካሪቢያን ቆላ በኩል እስከ ሰሜን ምዕራብ ፓናማ በሚዘልቀው ዝናባማ ደን ውስጥ ትኖራለች፤ ርዝመቷም ከ17 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1857 ጀርመናዊው የእንስሳት ተመራማሪ ኦስካር ሽሚት ለሳይንስ ሲያስተዋውቃት ፑሚሊዮ አላት፤ በላቲን ድንክ ማለት ነው። ኦኦፋጋ የሚለው የወገኗ ስም ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን እንቁላል በሊታ ማለት ነው፤ ይህ ስም ከየት እንደመጣ የሚገባን አስተዳደጓን ስናውቅ ነው።

ወንዱ ከጉቶ ወይም ከወደቀ ግንድ ላይ ወጥቶ እንደ ነፍሳት ድምፅ የሚቆራረጥ ጥሪ ያሰማል፤ ሌላ ወንድ ወደ ክልሉ ሲገባ ተያይዞ ይታገላል። ሴቷ ከሦስት እስከ አምስት የሚሆኑ እንቁላሎች በረገፈ ቅጠል ላይ ስትጥል፣ እንዳይደርቁ እየተመላለሰ የሚያረጥባቸው አባትየው ነው። ከሳምንት በላይ ቆይተው ሲፈለፈሉ ግን ተራው የእናትየዋ ይሆናል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። እናትየዋ ጅራታም እጮቿን አብዛኛውን ጊዜ አንድ በአንድ በጀርባዋ አዝላ፣ ብሮሚሊያድ በሚባሉት ተክሎች ቅጠል ብብት ውስጥ ወደተጠራቀመች ጥቂት ውሃ ትወስዳቸዋለች፤ አንዱ ሌላውን ስለሚበላም ለየብቻቸው ታስቀምጣቸዋለች። በዚያች ውሃ ውስጥ የሚያሳድግ ምግብ የለም። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ እየተመለሰች ወደ ውሃው ትገባለች፤ እጩም መምጣቷን ሲያውቅ ሰውነቱን አግትሮ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል፤ እሷም በወንድ ዘር ያልዳበረ እንቁላል ትጥልለታለች። እጩ እግር አውጥቶ እስኪወጣ ድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከእናቱ እንቁላል በቀር ሌላ ምግብ አያሳድገውም። ልጇን የምታውቀው በቦታው መሆኑ ደግሞ ልብ ይነካል፤ የሌላ እንቁራሪት እጭ በዚያው ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ እንደ ራሷ አድርጋ ትመግበዋለች።

ከዚህም በላይ እንቁላሉ የሚያቀብለው ምግብ ብቻ አይደለም። በቆዳዋ ውስጥ ያለውን አልካሎይድ የተባለ መራራ መርዝ እንቁራሪቷ ራሷ አትሠራውም፤ ከምትበላቸው ጉንዳኖች፣ በተለይም ማይት ከሚባሉት በአፈርና በቅጠል ሥር ከሚኖሩ ደቃቅ የሸረሪት ዘመዶች ታጠራቅመዋለች። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ማይቶች የዚህ መርዝ ዋነኛ ምንጭ መሆናቸውን አሳየ። በ2014 የወጣው ደግሞ እናትየዋ መርዙን በምትመግበው እንቁላል አማካይነት ለእጮቿ እንደምታስተላልፍ፣ መርዝ በሌለው እንቁላል ያደጉት ግን እንደማይኖራቸው አረጋገጠ። እጩ ገና ጉንዳን ማደን ሳይጀምር፣ እናቱ ከደኑ ወለል የለቀመችው መከላከያ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ቀለሟ የዚህ መርዝ ማስጠንቀቂያ ነው። በኮስታ ሪካ አብዛኞቹ ቀይ ገላና ሰማያዊ እግር ሲኖራቸው፣ በፓናማው ቦካስ ዴል ቶሮ ግን ከደሴት ደሴት ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆነው ይገኛሉ፤ ደሴቶቹም ባሕሩ ከፍ ብሎ ከየብስ የለያቸው ባለፉት ጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ስለሆነ፣ ልዩነቱ በፍጥረት ዘመን ልክ ትናንት የመጣ ነው።

በሰው እጅ ተወልዳ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የፍራፍሬ ዝንብ እየተመገበች የምታድግ እንቁራሪትም እንደ እናቷ ቀይ ልትሆን ትችላለች። ቆዳዋ ግን መርዝ የለውም፤ የጫካው ማይትና ጉንዳን ወደ ሣጥኑ አልገቡምና።