«ተኩስ» ሲባሉ ያልተኮሱት ፖሊሶች

ሰላም፦ እሺ ዳዊት፣ ዛሬ ጋና ልትወስደን ነው አሉ።

ዳዊት፦ ያኔ ስሟ ጎልድ ኮስት ነው። ግን ከዋደራ ልጀምር።

ሰላም፦ የጉጂዋ ዋደራ?

ዳዊት፦ እሷው። በፈረንጆች 1941 እንግሊዞች ከኬንያ ተነስተው ጣሊያንን ሲወጉ፣ ዋደራ ጫካ ውስጥ የተዋጋው የጎልድ ኮስት ብርጌድ ነው። አዛዦቹ ነጮች፣ ወታደሮቹ የዛሬዋ ጋና ልጆች። ሐረር የገቡት ደግሞ ናይጄሪያውያን ናቸው።

ሰላም፦ እኛ እኮ «እንግሊዝ» ሲባል የነጭ ፊት ብቻ ነው የሚታየን።

ዳዊት፦ አይደል? ከዚያ በርማ ድረስ ሄደው ከጃፓን ጋር ተዋጉ። በጦርነቱ ዘመን ከዚያች አገር ወደ 65,000 ሰው የእንግሊዝን ዩኒፎርም ለብሷል።

ሰላም፦ ሲመለሱስ?

ዳዊት፦ ሥራ የለ፣ ጡረታው አይረባ፣ ኑሮው ጣራ ነክቷል። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 አቤቱታቸውን ይዘው፣ ባዶ እጃቸውን፣ ወደ አገረ ገዢው ግንብ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ተመሙ።

ሰላም፦ በእኛ የካቲት 20 መሆኑ ነው። ለዓድዋ ሦስት ቀን ሲቀረው።

ዳዊት፦ [ሳቅ] ሒሳቡን ለአንቺ ትቻለሁ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ኮሊን ኢምሬይ የሚባል እንግሊዛዊ የፖሊስ አዛዥ ጥቂት ፖሊሶች ይዞ ቆሟል። ተመለሱ አላቸው፣ እምቢ አሉ። «ተኩስ!» አለ። ፖሊሶቹ ዝም።

ሰላም፦ ቆይ ቆይ፣ ፖሊሶቹም ጥቁሮች ናቸው?

ዳዊት፦ አዎ። እዚህ ጋ ነው ተንኮሉ። የፖሊሱ ሥር መሠረት በ1870ዎቹ የተቋቋመው የሐውሳዎች፣ የሰሜን ናይጄሪያዎቹ፣ ጦር ነው። ከዚያም በኋላ ለወታደርነትም፣ ጠመንጃ ለሚይዝ ፖሊስነትም ከአገሪቱ ሰሜን መመልመል ይወዱ ነበር። የባሕር ጠረፉን ሰው ቋንቋ የማያውቅ፣ ገበያው ውስጥ አክስት የሌለችው ሰው።

ሰላም፦ ሰልፉ ውስጥ ወንድሙን እንዳያገኝ።

ዳዊት፦ በቃ! ግን የዚያን ቀን ፊቱ የቆመው ያው እንደሱ «ግራ ቀኝ» ሲባል የኖረ ሰው ነው። ፈርተው ይሁን ራርተው፣ ብቻ እጃቸው አልታዘዘም። ኢምሬይ ከአንዱ ፖሊስ ጠመንጃ ነጥቆ ራሱ ተኮሰ። ሦስት ሰው ወደቀ። ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖ፣ ተራ ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ።

ሰላም፦ እስከነማዕረጋቸው ነው የሚጠሩት?

ዳዊት፦ እስከነማዕረጋቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ማን ሆነና! እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሰላም፦ ከዚያስ?

ዳዊት፦ አክራ ነደደች። ሱቅ ተዘረፈ፣ እስር ቤት ተሰበረ። አገዛዙ ንክሩማንና አምስት ፖለቲከኞችን ለቅሞ አሰረ። በ1957 ጋና ነፃ ስትወጣ መሪዋ ያው ንክሩማ ነበር።

ሰላም፦ ኢምሬይስ?

ዳዊት፦ በፖሊስነቱ ቀጠለ፣ ሌላ ቅኝ ግዛት። አክራ ከሄድሽ ግን የመንገዱ ስም ፌብሩዋሪ 28 ነው። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ያኖራሉ።

ሰላም፦ የድሮ ወታደሮቹ?

ዳዊት፦ እነሱም አሉ። ፖሊሱም አብሮ ይሰለፋል።