«ዛሬ ስንጫወት ዋልን»

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው።

ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ ምን እንደተማረ እንጠይቀዋለን። «ስንጫወት ዋልን» ይላል። ብዙ ወላጅ ቅር ይለዋል። የከፈለው ገንዘብ ትዝ ይለዋል መሰለኝ።

መዋዕለ ሕፃናት ግን ሲጀመርም በጨዋታ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 ለትንንሽ ልጆች ቦታ ሲከፍት፣ የሚያስተምርባቸው ኳስና የእንጨት ቅርጾች ነበሩ። ከያኔዎቹ የጀርመን ግዛቶች የአንዷ፣ የፕሩሺያ፣ መንግሥት በ1851 መዋዕለ ሕፃናት እምነት የለሽነት ያስፋፋል ብሎ አገደው። እስከ 1860 ድረስ! ኳስ ነው እንግዲህ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ዕቃ ዕቃ ነው። አንዷ ሐኪም፣ አንዱ በሽተኛ ይሆናሉ። በሽተኛው ተነስቶ መሮጥ ያምረዋል፤ ግን አይነሳም። በሽተኛ ነዋ! ማንም ሳይቆጣው ራሱን ይገታል። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ባቀረበው ትምህርት ልጅ ሲጫወት ከራሱ ቁመት በአንድ ጭንቅላት ይበልጣል ያለው ለዚህ ይመስለኛል። ከእሱ በኋላ የሶቪየት ተመራማሪዎች ልጆችን ዝም ብለው እንዲቆሙ ጠየቋቸው። ብዙም አልቆዩም። ዘብ ጠባቂ ሆነው ሲጫወቱ ግን ሳይንቀሳቀሱ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ።

ታዲያ «በጨዋታ እናስተምራለን» የሚሉ ሁሉ ያጫውታሉ ማለት አይደለም። መምህሯ የመረጠችው፣ ልጁ በቃኝ ብሎ መተው የማይችለው ነገር ቀለም የተቀባ የቤት ሥራ ነው። እንዲህ ስል መምህሯ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ማለቴ አይደለም። ልጆቹ ሱቅ ሲከፍቱ ወረቀትና እርሳስ አጠገባቸው ብታስቀምጥ፣ አንዱ «ዝግ ነው» ብሎ መጻፍ ያምረዋል። ፊደል የሚፈለገው ያኔ ነው።

ችግሩ ሰዓት ነው። ልጆች ከመጫወታቸው በፊት ይከራከራሉ። «እናት እኔ ነኝ»፣ «ትናንትም አንቺ ነበርሽ»፣ «እሺ አንተ ውሻው ሁን»። አዋቂ ሲያየው ጭቅጭቅ ነው፤ ለእኔ ግን ዋናው ትምህርት እዚያ ውስጥ ነው። መደራደርን ሌላ የት ይማሩታል? አጭር እረፍት ከሆነ ግን ክርክሩ ብቻ ይጨርሰዋል። ውሻው ገና መጮህ ሲጀምር ደወሉ ይደወላል። ስለዚህ አዲስ መጫወቻ ለመግዛት የሚያስብ ትምህርት ቤት ካለ፣ ገንዘቡን ይያዘውና መጀመሪያ ደወሉን ያዘግየው።

በሉ፣ በሚቀጥለው እንገናኝ።