ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ሲዘጋም ሥራውን እየሠራ ነው

[ምስል፦ ልደታ፣ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደጅ]

እዚህ ደጅ የቆመውን ባለጉዳይ ብትጠይቁት ዐቃቤ ሕግ ማለት ሰው የሚያሳስር ነው ይላችኋል። አይፈረድበትም። እሱ የሚያየው ችሎት ላይ ቆሞ ሲከራከር ነው። ዋናው ውሳኔ ግን ከችሎቱ በፊት ያልቃል።

እስቲ አንድ መዝገብ እናስብ። ፒያሳ፣ ማታ፣ ሞባይል ተነጠቀ። ፖሊስ አንድ ልጅ ያዘ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ፖሊስ አልጨረስኩም ካለ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል፤ ዳኛው ቢፈቅድ እንኳ በአንዴ ከ14 ቀን አይበልጥም።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ መዝገብ]

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ይመጣል። ይገልጠዋል። ተበዳይዋ «ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ፊቱን ግን በደንብ አላየሁትም» ብላለች። ስልኩ ልጁ ጋ አልተገኘም። የቀረው ጣቢያ ሰጠው የተባለው የእምነት ቃል ነው፣ እሱንም ቢሆን ልጁ ዳኛ ፊት «ተደብድቤ ነው የፈረምኩት» ብሎበታል።

አሁንስ? የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ መንገድ ሰጥቶታል። ክስ ሊመሠርት ይችላል፣ ተጨማሪ ምርመራ ሊያዝ ይችላል፣ ማስረጃው ለማስቀጣት የማይበቃ ከሆነም በአንቀጽ 42 መዝገቡን ይዘጋዋል። ተገዶ የሰጠው ቃል ከሆነ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ማስረጃ አይሆንም።

«ክሱን እንላከው፣ ዳኛው ይወቀው» የሚባል ነገር አለ። ለእኔ ይሄ ኃላፊነት መሸሽ ነው። ልጁ በመጨረሻ በነጻ ቢሰናበት እንኳ እስከዚያ የተመላለሰበትን ቀጠሮ፣ የተባረረበትን ሥራ ማን ይመልስለታል?

ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ካሜራ አለው እንበል፣ ቅጂው ላይ የሚሮጠው ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሹ የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት ይሰጠዋል። ያልቀረበውስ? እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ ዐቃቤ ሕግ ተጠርጣሪውን የሚጎዳውንም የሚጠቅመውንም እንዲያይ ይጠይቃል። ስለዚህ ቅጂውን ራሱ «አምጡልኝ» ብሎ ለፖሊስ መጻፍ አለበት፣ ክሱን ቢያፈርስበትም።

ቤተሰባችሁ እንዲህ ከገጠመው ጠበቃ መቅጠር ባትችሉ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ዳኛውን ጠይቁ። ካሜራ እንዳለ ካወቃችሁም ዛሬውኑ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ብዙው ካሜራ አሮጌውን እያጠፋ ነው አዲሱን የሚቀዳው።